ዜን ያለ እምነቱ ይሆናል፣ ያለ ቃል ኪዳኑ ግን አይሆንም

ዜን ሜዲቴሽንን ማዕከሉ ያደረገ የቡድሂዝም ክፍል ነው፣ ታዲያ ዜን ሜዲቴሽን ከቡድሂዝም እምነት ተነጥሎ ይሠራል ወይ? ይሄ ጥያቄ ድሮ የጃፓን መነኮሳትና የውጭ ምሁራን ጉዳይ ነበር፣ አሁን ግን ውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን ቤትም ገብቷል። ቴራፒስቱ «ትንሽ ሜዲቴሽን ሞክር፣ ስትሬስ ይቀንስልሃል» ይለዋል፣ ቤት ሲገባ ደግሞ እናቱ ወይ የንስሐ አባቱ «ባዕድ አምልኮ ነው፣ እንዳትነካው» ይሉታል። እኔ ሁለቱም ወገን ነገሩን አቅልሎ ያየው ይመስለኛል። አንደኛው ትንፋሽ መቁጠር ብቻ ነው ይላል፣ ሌላኛው ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ሃይማኖትህን ለወጥክ ይላል፣ የዜንን ታሪክ ያየ ሰው ግን ሁለቱንም ለማለት ይቸግረዋል።

መጀመሪያ የሚሠራውን ነገር እንይ። ዛዜን ይባላል። ክብ ጠንካራ ትራስ ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ነው፣ ያልቻለ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጀርባ ቀጥ ይላል፣ አገጭ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዓይን አይከደንም ዝቅ ይላል እንጂ፣ ግራ እጅ ቀኝ እጅ ላይ ያርፍና የሁለቱ አውራ ጣቶች ጫፍ በስሱ ይነካካል። ጀማሪ ትንፋሹን ከአንድ እስከ አስር ይቆጥራል፣ ሐሳብ ይዞት ከሄደ ራሱን ሳይወቅስ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል፣ አለቀ። እዚህ ድረስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ምንም የማያምነውም ሰው እኩል ነው፣ ማንም ዶግማ ተቀበል አይለውም።

ግን በዜን ቤት ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከመቀመጥ በፊት እጅ አጋጥሞ ወደ ትራሱ እጅ ይነሳል፣ ከተቀመጡ በኋላ ሱትራ፣ ማለትም የቡድሂዝም ቅዱስ ጽሑፍ፣ ይዜማል፣ ከዛ አራቱ መሐላዎች ይባላሉ፣ የመጀመሪያው ፍጡራን ስፍር ቁጥር ባይኖራቸውም ሁሉንም አድናለሁ የሚል ነው። የኛ ምእመን የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት እንደሚለያዩ ከልጅነቱ ስለሚማር እዚህ ጋ ከብዙ ፈረንጅ የተሻለ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፣ ይሄ የትኛው ነው ብሎ። ቡድሂዝም ፈጣሪ አምላክ የሚለው ነገር የለውም፣ ስለዚህ ዜኖቹ ራሳቸው ለፈጣሪ እንደሚደረግ አምልኮ አያዩትም፣ ይሁን እንጂ ሕሊናው ያልፈቀደለት ሰው አይስገድ፣ አይዘምር፣ ይሄ የሚያስከፋው አስተማሪ ካለ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው።

ያለ እምነት መቀመጥ የሚለው ሐሳብ ደግሞ ዘመናዊ አሜሪካውያን የፈጠሩት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ አይደለም። ቻይናዊው መነኩሴ ዞንግሚ (780–841) ሜዲቴሽንን አምስት ቦታ ከፍሎት ነበር፣ ከአምስቱ ውስጥ የተራ ሰው የሚባልና ከቡድሃ መንገድ ውጭ ያለ የሚባል አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓናዊው ያሱታኒ ሐኩኡን ይሄንኑ ክፍፍል ለጀማሪዎች ሲያስረዳ የተራ ሰው ዜን የሚባለው ለጤናና ለአእምሮ እርጋታ የሚሠራ፣ ምንም የሃይማኖት ይዘት የሌለው፣ ለማንም የሚሆን ነው ይል ነበር። ያው ከታችኛው እርከን ነው ያስቀመጠው፣ ሙሉው መንገድ ነው አላለም። እኔ ይሄንን እንደ ትልቅ ሐቀኝነት ነው የማየው፣ በሩን ይከፍትልሃል፣ የቆምክበትንም ይነግርሃል።

ከዛ ደግሞ ሌላ እምነት ይዘው የገቡ አሉ። ሁጎ ኤኖሚያ-ላሳል የሚባል ጀርመናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን እ.ኤ.አ. በ1929 ጃፓን ገባ፣ ነሐሴ 1945 አቶሚክ ቦምቡ ሲወድቅ ሂሮሺማ ነበር፣ ቆስሎ ተረፈ። ይሄ ሰው ካህን እንደሆነ በዜን መምህራን ሥር ለዓመታት ተቀመጠ፣ በኋላም ለሌሎች ክርስቲያኖች አስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 እስኪሞት ድረስ ቅስናውን አልተወም። ከመምህራኑ አንዱ የነበረው የካማኩራው ያማዳ ኮኡን ራሱ መነኩሴ አልነበረም፣ ቶኪዮ የሕክምና ተቋም የሚያስተዳድር ባለትዳር ሰው ነበር፣ እሱ ጋ የሚመጡትን ካህናትና መነኮሳይያት ቡድሂስት ሁኑ አላላቸውም። ቫቲካን ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ደብዳቤ ዜንን ጠቅሶ ሰውነትን ማረጋጋት ከጸሎት ጋር እንዳይምታታ አስጠነቀቀ። ብዙ ሰው ይሄን ደብዳቤ ጭፍን ክልከላ አድርጎ ያወራዋል፣ ሙሉ በሙሉ አልዘጋም እኮ፣ ከሌሎች የሚጠቅመውን መውሰድ ይቻላል፣ የክርስትና ጸሎት ግን ቴክኒክ ሳይሆን ከአምላክ ጋር የሚደረግ ግንኙነት ነው ነው ያለው፣ ይሄ ደግሞ ለኔ ትክክል ነው። ላሳልም ሲቀመጥ እምነት የሌለው ሰው አልነበረም፣ የራሱን ይዞ ነው የተቀመጠው።

የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ወገን ነው፣ ከየት እንደመጣ የማይነግርህ። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የጀመረው የስትሬስ መቀነሻ ኮርስ ለብዙ ሕመምተኛ ጠቅሟል፣ ይሄን አልክድም፣ እሱም ኮሪያዊው የዜን መምህር ሱንግ ሳን ጋ የተማረ ሰው ነው። ግን ቡድሂስት ነው እንዳይባል ሆን ብሎ ቋንቋውን እንደመረጠ ራሱ ጽፏል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ሆስፒታል አይቀበለውም ነበር። አሁን ግን ያ ዝምታ ኢንዱስትሪ ሆኗል፣ አፑም የመሥሪያ ቤቱ ሥልጠናም ሳይንስ ብቻ ነው ብሎ ይሸጥልሃል። ለሃይማኖቱ የሚጠነቀቅ ሰው ከየት እንደመጣ የማወቅና ራሱ የመወሰን መብት አለው፣ ይሄን ደብቆ መስጠት አለማክበር ነው።

አሁን ዋናው ጋ ደርሻለሁ። እምነቱ ሲወጣ ምን ይቀራል ብለው የሚጨነቁ ሰዎች እምነት ሙሉ በነበረበት ጊዜ የሆነውን ይዩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ብዙ የጃፓን ዜን መሪዎች የንጉሠ ነገሥቱን ጦርነት ደግፈዋል፣ ሰባክያን ልከዋል፣ ወታደሩ ራሱን ረስቶ እንዲዋጋ አስተምረዋል። እነዚህ ሱትራውን በቃላቸው የሚወጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀመጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቅድም ያነሳሁት ያሱታኒም በዛ ጊዜ ጦርነቱን የሚደግፍ ጽፏል፣ የእሱ ተተኪዎች በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ከጃፓን የዜን ቅርንጫፎች አንዱ የሆነው የሶቶ ዜን ቤተ እምነትም እ.ኤ.አ. በ1992 የንስሐ መግለጫ አውጥቷል። እምነቱ ነበረ፣ ዛዜኑም ነበረ። የተጣለው አትግደል የሚለው የቡድሂዝም የመጀመሪያው ትእዛዝና ፍጡራንን ሁሉ አድናለሁ የሚለው መሐላ ነው፣ ቃል ኪዳን የምለውም ይሄንን ነው። ትኩረት የሰለጠነ አእምሮ ለምን እንደሚውል በራሱ አይመርጥም፣ ዛሬም የአሜሪካ ወታደሮች የማይንድፉልነስ (አሁን ላለው ነገር ሙሉ ትኩረት የመስጠት) ሥልጠና ወስደዋል፣ ልቡ የተረጋጋ ተኳሽ ደግሞ አሁንም ተኳሽ ነው።

ስለዚህ ከኔ የሚጠየቅ ከሆነ ሰው ከሞተ በኋላ በሌላ ሕይወት ተመልሶ ይወለዳል የሚለውን ሳታምን፣ ሱትራ ሳትዘምር፣ ቡድሂስት ሳትባል ዛዜን መቀመጥ ትችላለህ። አትግደል፣ አትስረቅ፣ አትዋሽ የሚለውንና ለሌላው ፍጡር ያለብህን ግዴታ ግን ከራስህም እምነት ቢሆን አምጥተህ መያዝ አለብህ፣ ክርስቲያኑ ከወንጌል፣ ሙስሊሙ ከቁርአን፣ የማያምነው ከሕሊናው። ኮርስ ልትመዘገብ ከሆነም አስተማሪውን ሁለት ነገር ጠይቀው፣ ይሄ ከየት መጣ፣ አብሮት የነበረው ቃል ኪዳንስ የት ሄደ። መጀመሪያውን ደብቆ ሁለተኛውን «እሱን ተወው፣ ዋናው መረጋጋትህ ነው» የሚልህ ከሆነ እኔ ብሆን ገንዘቤን አልከፍልም።