ማስተካከያ፦ የተሸጠው ውኃው አይደለም

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን በጻፍኩት ላይ «የጀርመኑ የኃይል ኩባንያ አር ደብሊው ኢ የአሜሪካኖችን ውኃ ገዝቶ ታሪፉን እንዳሻው ይተምናል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 የገዛው የአሜሪካን ዋተር ወርክስን አክሲዮን ነው፤ ይኸውም በየክፍለ ግዛቱ ያሉት ውኃ አቅራቢዎች እናት ድርጅት። ባለቤቱ ይለወጥ እንጂ ታሪፉን የሚያጸድቁት እንደ ድሮው የየክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽኖች ናቸው። ግዢው ራሱ በ2001 ስምምነት ተደርጎበት በ2003 የተቋጨው የእነሱን ይሁንታ ማግኘት ስለነበረበት ነው። «ዛሬም የጀርመን ነው» ማለቴም ልክ አልነበረም፤ በ2008 አክሲዮኑን ለገበያ ማቅረብ ጀምሮ በ2009 ጠቅልሎ ወጥቷል።

ጽሑፉን ልጃቸው ያነበበላቸው ጎረቤቴ፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ሥር እንደደቀኑ «የእኛንስ መቼ ነው የሚሸጡት?» አሉኝ። እትዬ፣ ያስደነገጥኩዎት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የአገራችን የውኃ ሀብት የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። ውኃው በፈረቃ መምጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን እንኳ በጀርመኖች ማላከክ አይቻልም።