ካፒቴኑ እንቢ ቢልስ ኖሮ?

ጋሼ ለንደን የመጡት ለሦስት ሳምንት ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በደርግ ጊዜና ከዚያም በኋላ ጥቂት ዓመት የወረዳ ዳኛ ሆነው ሠርተዋል። እንግዳ ሲመጣ የምናደርገውን ታውቃላችሁ። ቢግ ቤን፣ ታወር ብሪጅ፣ ቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር ፎቶ፣ ማታ ክትፎ። በአራተኛው ቀን ከዘራቸውን ሶፋው ላይ አጋደሙና "አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር ያለው ንጉሥ ብቻ ነው እንዴ? ዳኛ የላቸውም?" አሉኝ።

አላቸው። ያውም ቤቱ በነጻ የሚጎበኝ።

በማግስቱ ከአርችዌይ 210 ቁጥር አውቶቡስ ይዘን ሃምፕስቴድ ሂዝ ዳር ወዳለው ኬንዉድ ሃውስ ሄድን። ነጭ ሕንፃ ነው። ፊት ለፊቱ ሜዳ፣ ከሜዳው ግርጌ ኩሬ። ውስጡ የሬምብራንት ሥዕል አለና ሰው ሁሉ እሱ ፊት ይገተራል። ጋሼ አልፈውት ሄዱ። የቆሙት ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው። አንገታቸውን ሰብረው ጣሪያውን አዩ፣ ዓምዶቹን አዩ፣ ወርቅ ቅቡን አዩ።

"ይህ ሁሉ በደመወዝ ነው?" አሉኝ።

የዳኛ ጥያቄ!

የቤቱ ጌታ ዊልያም መሪ ይባላል (ስሙ እንደዚያ ነው፣ መሪ)፤ ታሪክ የሚያውቀው ግን በማዕረጉ፣ ሎርድ ማንስፊልድ ተብሎ ነው። በ1705 ስኮትላንድ ውስጥ ስኮን በሚባል ቦታ ተወለደ። ዓመታቱንም ወራቱንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የባላባት ልጅ ቢሆንም አራተኛ ወንድ ልጅ ነው፣ ርስቱ ለበኩር ነው የሚሄደው። እናም በ13 ዓመቱ በድንክ ፈረስ ብቻውን ለንደን ለትምህርት ተላከ። መንገዱ ከወር በላይ ፈጀ። አባትና እናቱን ከዚያ በኋላ አላያቸውም። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት እዚሁ ከተማ ሆኜ ነው።

ቤተሰቡ ደግሞ በመንግሥት ዓይን የተጠረጠረ ነበር። ወንድሙ ከተባረረው የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤት ጋር በስደት ሆኖ ያገለግል ነበር። እኛ አገር ቢሆን ይህ ልጅ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤም አያገኝ። እሱ ግን ኦክስፎርድ ተማረ፣ በ1730 ጠበቃ ሆነ፣ በ1742 ፓርላማ ገባ፤ በዚያው ዓመትም የመንግሥት ሁለተኛ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ከዚያ ምን አደረገ? በ1745 ለስቱዋርቶች ሸፍተው የተሸነፉትን መኳንንት ከሳሽ ሆኖ ቆመባቸው። የገዛ ወገኑን ማለት ነው። ጋሼ "አወይ፣ ይህንንስ እናውቀዋለን" ብለው ሳቁ። በ1753 አንድ ሰው ተነሥቶ "ይህ ሰውዬ በወጣትነቱ ለስቱዋርቱ አልጋ ወራሽ ጤና ጠጥቷል" ብሎ ከሰሰው። ተጣርቶ ነጻ ወጣ። በዓመቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ፣ በ1756 ደግሞ የንጉሡ ችሎት ዋና ዳኛ ሆነ። እዚያ ወንበር ላይ 32 ዓመት ተቀመጠ።

አንዳንዶቻችን ፈረንጅ አገር የዳኝነት ነጻነት ከሰማይ እንደ መና የወረደ ይመስለናል። ሰውየው ዋና ዳኛ ሆኖም ካቢኔ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በ1757 ለጥቂት ወራት የገንዘብ ሚኒስትሩን ቦታ ደርቦ ይዟል፣ ዋና ዳኛው! የላይኛው ምክር ቤት አባልም ነበር። እንዲህ ያለው መደባለቅ የቀረው ቅርብ ጊዜ ነው፤ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ከፓርላማው ተለይቶ የራሱን ቤት ያገኘው በ2009 ነው። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ!

ሥራውን ግን ይችል ነበር። የነጋዴ ክርክር ሲመጣበት ነጋዴዎችን ራሳቸውን አስቀምጦ የገበያውን ልማድ ይጠይቃቸዋል፤ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ሳይደብቅ ይናገር የሚለውን ደንብ በ1766 ያጠበቀው እሱ ነው። ይሄ ለጠበቆች ነው፣ እንለፈው።

ጋሼን የያዛቸው የሶመርሴት ነገር ነው።

ጄምስ ሶመርሴት ባሪያ ነበር። ጌታው ቻርልስ ስቱዋርት (ስም ተመሳስሎ ነው እንጂ ከንጉሣዊው ቤት አይደለም) ቨርጂንያ ውስጥ ገዝቶ፣ በ1769 ለንደን ይዞት መጣ። በ1771 ሶመርሴት እዚሁ ክርስትና ተነሣ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ከጌታው ጠፋ። በኅዳር መጨረሻ ጌታው አስያዘውና ቴምዝ ወንዝ ላይ ቆማ የነበረች መርከብ ላይ በሰንሰለት አሳሰረው፣ ጃማይካ ወስደው እንዲሸጡት። የደረሱለት እነማን ናቸው? የክርስትና ወላጆቹ። ሮጠው ማንስፊልድ ዘንድ ሄዱና አቤት አሉ። ዳኛው ለካፒቴኑ ትእዛዝ ጻፈ፤ ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ ያሰርክበትንም ምክንያት አስረዳ። በታኅሣሥ 9 ካፒቴኑ ሰውየውን ይዞ ቀረበ።

ነገሩ ወራት ፈጀ። ማንስፊልድ መፍረድ አልፈለገም፤ ተስማሙ፣ ጌታው ሰውየውን ይልቀቀውና ነገሩ ይብቃ እያለ ለመናቸው። ምክንያቱም እንግሊዝ ውስጥ ያሉ ባሪያዎች 14 እና 15 ሺህ ይሆናሉ ተብሎ፣ በነፍስ ወከፍ 50 ፓውንድ እየተባለ ኪሳራው ችሎት ላይ ይሰላ ነበር። እንቢ ሲሉት ጊዜ ያንን የላቲን አባባል አመጣው፤ ፍትሕ ይደረግ፣ ሰማዩ ቢወድቅም። ጋሼ እዚህ ላይ አቋረጡኝ።

"ቆይ ቆይ። እኛ እኮ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነው የምንለው። የነሱ ሰማይ ለፍርድ ይወድቃል፣ የኛ ለንጉሥ ይቆማል?"

በሰኔ 22 ቀን 1772 ፈረደ። ባርነት በጣም አስጸያፊ ነገር ስለሆነ የተጻፈ ሕግ ካልደገፈው በቀር ጸንቶ ሊቆም አይችልም፣ ስለዚህ ሰውየው ይለቀቅ አለ። ችሎቱ ውስጥ የነበሩት ጥቁሮች ለዳኞቹ እጅ ነሥተው እርስ በርስ ተጨባበጡ። ከቀናት በኋላ ዌስትሚንስተር አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ 200 የሚሆኑ ጥቁሮች ድግስ ደገሱ፣ መግቢያው 5 ሺሊንግ፣ ጽዋውም ለማንስፊልድ ጤና። (ቲኬት ቆርጦ መደገስን የጀመርነው እኛ ሐበሾች አይደለንም ለካ።)

ያን ጊዜ እኛ አገር ምን ነበር? ሶመርሴት ለንደን በደረሰበት በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገደሉ፤ ዘመነ መሳፍንት እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው። ሌላው ስኮትላንዳዊ፣ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ፣ ጎንደርን ተሰናብቶ የወጣው ሶመርሴት ከመርከቧ በወረደበት በዚያው ወር ነው። እንዲህ ስል ግን ጋሼ ተቆጡኝ። "ጎንደር ፍርድ አልነበረም ልትይ ነው? ፍትሐ ነገሥት አልነበረም? ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ አቋጥረው በቁራኛ፣ ያለ ፖሊስ፣ በእግራቸው ዳኛ ፊት የሚሄዱበት አገር ነው። 'በሕግ አምላክ' ሲባል ወንዝ የሚቆምበት አገር ነው!" እውነታቸውን ነው። ሕግ ማክበር ከእንግሊዝ አልመጣልንም። እንዲያውም ሶመርሴትን ያወጣው ያ ትእዛዝ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 177 ላይ አለ። አካልን ነጻ ማውጣት ይባላል። ጋሼ ቁጥሩን ሳልነግራቸው ቀድመው ጠሩት።

ከዚያ እግራቸው ደክሞ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሜዳው ላይ ውሾች ይሯሯጣሉ። ሳልጠይቃቸው አወሩልኝ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ልጇ ያለ ክስ ሁለት ወር እንደታሰረባት ነገረቻቸው። አጣሩ፣ እውነት ነው። "ይለቀቅ" ብለው ጻፉ፣ ማኅተም አደረጉ። ሴትየዋ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። ማታ ተመልሳ መጣች፣ ወረቀቱ እንደተቋጠረ ነው። የጣቢያው ሹም አንብቦ "እሺ፣ አየሁት" ብሎ መልሶላታል። ማግሥቱን ጋሼ ራሳቸው ሄዱ። ሹሙ ወንበር ሳበላቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው፣ ልጁን ግን አልፈታም። "ሻዩን ጠጣሁት" አሉኝ። ይህችን ሁለት ጊዜ ደገሟት።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን ያየነው አለ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ ይለቀቁ ብለው ወሰኑ፤ ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ዳኛዋም ኋላ ፖለቲካ ገቡ፣ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ ደግመው ታሰሩ፣ አሜሪካ ተሰደዱ፣ በ2018 ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። እኛም ዳኛና ፖለቲከኛ በአንድ ሰው አለን ለማለት ነው።

ግን ማንስፊልድን ታቦት አናድርገው። እሱ ራሱ በኋላ ሲጠየቅ፣ ያልኩት ጌታ ባሪያውን በግድ ከአገር ማስወጣት አይችልም ነው፣ ከዚህ አያልፍም ብሏል። በ1783 ደግሞ ዞንግ የምትባለው መርከብ ጉዳይ መጣበት። ባሪያ አድርጋ ከጫነቻቸው ሰዎች ከ130 በላይ የሚሆኑትን ከነሕይወታቸው ባሕር የወረወረች መርከብ ናት። ክርክሩ ግን እንደ ዕቃ የተገባላቸው ኢንሹራንስ ይከፈል አይከፈል ነበር። ፈረስ ባሕር እንደተጣለ ያህል ነው ነገሩ፣ ተብሎ ችሎት ላይ ተነገረ፣ ከእሱው አፍ። እርግጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዟል። በግድያ የተጠየቀ ግን የለም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ታድግ ነበር። ዳይዶ ኤልዛቤት ቤል። አባቷ የማንስፊልድ የእህት ልጅ፣ የባሕር ኃይል መኮንን፤ እናቷ ማሪያ ቤል የምትባል አፍሪካዊት ባሪያ። ከሌላዋ የዘመድ ልጅ ከኤልዛቤት መሪ ጋር አብረው አደጉ። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሥዕል አለ፣ ዛሬ ስኮን ነው ያለው። ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ የወተቱንና የዶሮውን ቤት ትቆጣጠራለች። ሰውየው ይወዳታል። በኑዛዜው ነጻነቷን አረጋግጦ 500 ፓውንድና በየዓመቱ 100 ፓውንድ ትቶላታል። ነገር ግን በ1779 እራት የተጋበዘ አሜሪካዊ በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ልጅቷ የገባችው እንግዶቹ በልተው ካበቁ በኋላ ነው። ለቡናው።

ይህን ሳነብ ፊቴ ነው የጋለው። ምክንያቱም እኛ ቤት ጽጌ ነበረች። ከገጠር የመጣች የአባቴ ዘመድ። "ልጃችን ናት" ይባላል፣ እውነትም ትወደድ ነበር፣ ትምህርት ቤትም ገብታለች፣ ማታ። እንግዳ ሲመጣ ግን እጅ ታስታጥባለች፣ ወጥ ትጨምራለች፣ እሷ የምትበላው ማዕዱ ሲነሣ ጓዳ ውስጥ ነው። ቡናው ላይ ትቀመጣለች፣ ስለምታፈላው። እዚህ ለንደን የዘረኝነት ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ስናገር ጽጌ ትዝ ብላኝ አታውቅም። እኛ አገር ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ስድብ ሆኖ ይኖራል፣ የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል፣ ከዚያ እዚሁ አውቶቡስ ላይ አንድ ፈረንጅ ሲገላምጠን እናለቅሳለን።

ጋሼ ስለ ጽጌ ምንም አላሉም። እሳቸውም ማዕዱ ላይ ነበሩ።

ስንመለስ በጎልደርስ ግሪን በኩል ይሻለናል ብዬ በሌላው አቅጣጫ ያዝን። ስፓኒያርድስ የሚባለው አሮጌ መጠጥ ቤት ጋ መንገዱ ይጠብና አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። በ1780 በካቶሊኮች ላይ የተነሣው ሕዝብ የማንስፊልድን የከተማ ቤት ከነመጻሕፍቱ ካቃጠለ በኋላ ወደ ኬንዉድ ሲመጣ፣ የዚህ መጠጥ ቤት ጌታ ወታደር እስኪደርስ ድረስ ሲያጠጣ አቆያቸው ይባላል። ይህን እየነገርኳቸው ጋሼ እየሰሙኝ አልነበረም።

"አንቺ ልጅ፣ ካፒቴኑስ?"

"የቱ ካፒቴን?"

"የመርከቡ ነዋ። ወረቀቱ ሲደርሰው መልሕቁን ነቅሎ ቢሄድስ ኖሮ? ውኃ ላይ ነው ያለው። ማን ይይዘዋል?"

መልስ አልነበረኝም። አውቶቡሱ ቆመ፣ ከወዲያ የሚመጣው መኪና እስኪያልፍ።

"ስሙ ይታወቃል?"

"ጆን ኖውልስ።"

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ያቺን ጠርዟ ያለቀ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። የዳኛውን ስም አልጻፉም። "ኖ-ውል-ስ" እያሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ የካፒቴኑን ጻፉ።