ኤች-4 ቪዛ መማር አይከለክልም

«በኤች-4 ቪዛ አሜሪካ የገባች እናት ልጅ ከማሳደግ ውጪ ምንም አይፈቀድላትም፤ መማር እንኳ አትችልም» የሚል ነገር ተደጋግሞ ይጻፋል። በቅንነት የተባለ ነው፤ ግን ትክክል አይደለም።

ኤች-4 ኤች-1ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ የገባ ሠራተኛ የትዳር ጓደኛና ልጆች የሚይዙት ቪዛ ነው። የሚከለክለው ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠርን እንጂ መማርን አይደለም። ቪዛ ሳይቀየር በትርፍ ጊዜም ሆነ በሙሉ ጊዜ መማር ይቻላል። ምናልባት የሚያደናግረው የተማሪ ባለቤት የሚይዘው ኤፍ-2 ይሆናል። እሱም ቢሆን ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የትርፍ ጊዜ ትምህርት ይፈቅዳል፤ የሙሉ ጊዜ ግን አይፈቅድም።

ይህን የምጽፈው አንዲት እህት ትዝ ስላለችኝ ነው። ልጇን ለተረት ሰዓት ሠፈሯ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ትወስዳለች። ከጎን ባለው ክፍል እንግሊዝኛ በነጻ ይሰጣል። እሷ ጋሪውን ይዛ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች እንጂ አትገባም። «ቪዛዬን ያበላሽብኛል» ብላ ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። አገር ቤት እኮ ፋርማሲስት ነበረች! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እኔን ብቻ አትመኑ። የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ስለ ኤች-4 የተጻፈውን አንብቡ። ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደውላችሁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቁ። በዚያው ክፍያውንም ጠይቁ፤ እንደየግዛቱ ይለያያልና።