ጣሪያው ያፈሳል፣ ኪራዩ ግን ቀን አያልፈውም

ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋ ከግድግዳ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ በር መጎተት ሰለቸኝ! የቆርቆሮው ሚስማር ዝጓል። ውሃው በዚያ ይገባል፣ ኮርኒሱ ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ግድግዳው ሻግቶ የልጄ ሳል አልለቅ ብሏል። ለአከራዬ ስነግራቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ካልተመቸሽ ልቀቂ፣ ተከራይ ሞልቷል።»

አዲስ አበባ ተከራይቶ ይህን ያልሰማ ማን አለ? ዝም የምንለው ወደን አይደለም። ልልቀቅ ብንል የደላላው አለ፣ የዕቃ መጫኛው አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። አከራዮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው። አከራይ በፈለገው ሰዓት ኪራይ መጨመርም ሆነ ውጡልኝ ማለት አይችልም። ታዲያ አንዳንዶቹ ዘዴ አገኙ፤ ቤቱ ራሱ እንዲያስወጣን ይተዉታል። ጣሪያው አይጠገንም፣ የሞላው ሽንት ቤት አይመጠጥም። ተከራዩ በቃኝ ብሎ ሲወጣ ቆርቆሮው ይቀየራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ቤቱ በጨመረ ዋጋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይሄ ግፍ ነው!

ጥገና ውለታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያከራዩትን ቤት በደህና ሁኔታ ማቆየት የአከራዩ ግዴታ ነው ይላል። «ጥገና የተከራይ ነው» የሚሉን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግሩን። እንደ በር፣ መስኮትና ቧንቧ ያለው ጥቃቅን ጥገና እኛ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ በእርጅና የተበላሸው ግን አይወድቅም። እኔ ከመግባቴ በፊት የዛገ ቆርቆሮ በምን ሒሳብ የእኔ ዕዳ ይሆናል?

እባካችሁ በር ላይ ቆሞ መለማመጥ ይቅርብን። ጥያቄያችን በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ቅጂው እጃችን ላይ ይቅር። ሲያፈስ ቪዲዮ እንቅረጸው። ተናደን ኪራይ እንዳናቆም ደግሞ፤ ያኔ ማስወጫ ምክንያት ራሳችን ሰጠናቸው ማለት ነው። በባንክ እንክፈል፣ ደረሰኙን እንያዝ። በራሳችን ብር አሠርተን ከኪራይ ይታሰብልን የምንል ከሆነም መጀመሪያ አከራዩን በጽሑፍ እናስፈርም። ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንያዘው። አከራዩ ግብር ፈርቶ ውል ላይ ከምንከፍለው በታች ያስጽፋል፣ ቤት አጥተን ነውና እንፈርማለን። በኋላ አቤት ልንል ስንነሳ ያው ወረቀት አፋችንን ይዘጋል።

የወረዳ ሰዎችም ስሙን፦ ውል ስትመዘግቡ ስለ ዋጋው ብቻ አትጠይቁን። ጣሪያው፣ ሽንት ቤቱ፣ የመብራት መስመሩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አብራችሁ መዝግቡ። አቤቱታ ስናመጣም መጥታችሁ እዩ፣ ለአከራዩ የማሠሪያ ቀን ቁረጡለት።