ስለ ማርስ የጠየቀውን ልጅ ዝም አታሰኙት

የጅማ ወገኖቼ ሆይ፣ ልጆቻችሁ በሌላ ፕላኔት ላይ ስለሚደረግ በረራ ሲጠይቋችሁ ግማሾቻችሁ «ውሸት ነው» ትሏቸዋላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ «የእንጀራ ጉዳይ ሳያልቅልን ስለ ማርስ ታወራለህ?» እያላችሁ ታሸማቅቋቸዋላችሁ። ተዉ!

ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 2021 ኢንጀኒዩቲ የተባለች 1.8 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሄሊኮፕተር ከማርስ መሬት ተነሥታ በረረች። ለአምስት በረራ ታስባ ተልካ 72 ጊዜ በረረች።

ይህ እንዴት ከባድ እንደ ነበር አስቡት። የማርስ አየር እፍጋቱ ከምድር አየር አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ክንፍ የሚያነሣው አየሩን ወደ ታች በመግፋት ነውና፣ የሚገፋው ሲሳሳ ወይ መስፋት ወይ መፍጠን አለበት። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር የሆኑት የኢንጀኒዩቲ ክንፎች በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል ይሽከረከሩ ነበር። የቤንዚን ሞተር እዚያ አይሠራም፤ አየሩ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ኦክስጅን አያገኝም። ከምድር ሆኖ በእጅ መምራትም አይቻልም፤ መልእክቱ እስኪደርስ ደቂቃዎች ያልፋሉና ሄሊኮፕተሯ ራሷን ችላ ነበር የምትበረው። እንደ እኛ አውሮፕላኖች ቋሚ ክንፍ ያለው ግን እስካሁን በማርስ አልበረረም። በሳሳ አየር ላለመውደቅ እጅግ መፍጠን አለበት፤ በዚያ ፍጥነት ወርዶ የሚያርፍበት ማኮብኮቢያ በድንጋያማው ምድር ከየት ይገኛል?

ይህ ሒሳብ ለጅማ ሰው ሩቅ ነው? ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየራችንም በባሕር ጠለል ካለው አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ አብራሪ ይህን ሳያሰላ አይነሣም፤ ቀኑ ሲሞቅማ አየሩ ይብሱን ይሳሳል። መምህራን ሆይ፣ ምሳሌው በደጃችሁ ሳለ ተማሪውን ቀመር ብቻ አሸምድዳችሁ ለምን ትሸኙታላችሁ?

እንጀራ የምትሉትን ወገኖቼን አልንቅም፤ የቡና ዋጋ ሲወድቅ ቤት እንደሚጎድል አውቃለሁ። ግን ልጅን ዝም ማሰኘት ማንን አበላ? ኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት እኮ ለእርሻም መረጃ እንድትሰበስብ ነበር የታሰበችው። የገበሬው ጉዳይና የሰማዩ ጉዳይ ያን ያህል አይራራቁም።

በዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ መሐንዲሶች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራችሁን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፈቱ። ባለሀብቶች፣ ለሠርግ ድንኳን ከምታወጡት ጥቂቱን ለሞተርና ለባትሪ መግዣ ስጧቸው። ወላጆች፣ እናንተ ደግሞ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፦ ድራጎንፍላይ የሚባል ባለ ስምንት ተሽከርካሪ ክንፍ መንኮራኩር በ2028 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ በ2034 የሳተርን ጨረቃ ታይታን ላይ እንዲደርስ ታቅዷል። የታይታን አየር እፍጋቱ ከእኛ አየር አራት እጥፍ ያህል ነው፤ የስበት ኃይሏ ግን የምድርን አንድ ሰባተኛ ብቻ ነው። ከዚያ «ከማርስና ከታይታን ለመብረር የሚቀለው የትኛው ነው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም እስከ መጨረሻው አድምጡ።