ዋንጫው ሳይሆን አዳራሹ
«ለንደን ላይ ኦሊቪዬ (የእንግሊዝ ትልቁ የቲያትር ሽልማት) የተሸለመ ሙዚቃዊ ቲያትር ብሮድዌይ (የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች) ላይ አይከስርም» የምትለዋ አባባል አልተዋጠችልኝም፤ ለእኔ ወሳኙ የአዳራሹ ልክ ነው። «ታሚ ፌይ» የተባለውን ሙዚቃዊ ቲያትር ማየት ይበቃል። ዜማው የኤልተን ጆን፣ ታሪኩ የአሜሪካዊት የቴሌቪዥን ሰባኪ። ለኒውዮርክ ተለክቶ የተሰፋ ነበር የሚመስለው! ለንደን ላይ 325 ወንበር ባለው አልሜዳ ቲያትር ታይቶ ሁለት ኦሊቪዬ ወሰደ። ኒውዮርክ ሲሄድ 1,600 ገደማ ሰው የሚይዘው ፓላስ ቲያትር ውስጥ ከተቱት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ተመርቆ በ29 ትዕይንት ተዘጋ፤ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። «የከሰረው አሜሪካኖች የእንግሊዝ ቀልድ ስለማይገባቸው ነው» ለሚለኝ ሰው ደግሞ፣ «ኦፕሬሽን ሚንስሚት» የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትርስ? ከዚያ የበለጠ እንግሊዛዊ ነገር ከየት ይመጣል? የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስለላ ታሪክ ነው፤ አምስት ተዋንያን ብቻ ሁሉንም ገጸ ባሕርይ እየተፈራረቁ ይጫወቱታል። በ2019 ለንደን ውስጥ 80 ሰው በምትይዝ ጠባብ ቤት ጀመሩት። ብሮድዌይ ሲመጡም 800 ገደማ ወንበር ያለውን ጎልደን ቲያትርን መረጡ፤ በ2025 ከአምስቱ ተዋንያን አንዱ ጃክ ማሎን ቶኒ (የብሮድዌይ ትልቁ ሽልማት) ተሸለመበት። አምስት ሰው ይዘው ፓላስ ቢገቡ ኖሮ ግን፣ እንጃ።