እርማት፦ የስደተኛ ልጅ አዳማ ውስጥ መማር አይችልም?

ወንድሜ፣ «የስደተኛ ልጅ የሚማረው ካምፕ ውስጥ ብቻ ነው፤ አዳማ ቢመጣ ሕጉ አይፈቅድለትም» ብለሃል። ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ስለሚያምነው ነው የምመልስልህ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት የስደተኛውን ልጅ ከኢትዮጵያዊው እኩል ያየዋል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቀውንም ጭምር። «ካምፕ ውስጥ ብቻ» የሚል ነገር የለበትም።

ችግሩ ያለው ከአንደኛ ደረጃ በላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃ፣ ቴክኒክና ሙያ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚፈቀደው የአገር አቅም በቻለው መጠን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ስንት ጎበዝ ልጅ እዚያ ላይ ይቀራል! ለዩኒቨርሲቲ ግን ዳፊ የሚባል የዩኤንኤችሲአር (የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት) ነፃ የትምህርት ዕድል አለ።

ሰፈርህ ያለችውን ስደተኛ እናት «አትልፊ» አትበላት። የስደተኛ መታወቂያዋን ይዛ በምዝገባ ሰሞን ቅርቧ ያለው ትምህርት ቤት ትሂድ። ከቻልክ አብረሃት ሂድ።